በመርከብ ሥርዓት የቆሙ መኪኖች

ባለፈው ሳምንት ፓርክ ሂል ሰፈር መኪናዬን ላቆም ስገባ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰ ሰውዬ ሁለት ክንዱን አጣምሮ አስቆመኝ። በመስኮቱ የጋለ አስፋልት ሽታ ገባ። ሰውዬው መሪዬን ወደ ግራ እንዳዞር በጣቱ ሲያሳየኝ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ የያዘኝ ቅናት እንዳለ ተመልሶ መጣ። ቅናት ያረጃል የሚላችሁን አትመኑ።

አባቴ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ መጥቶ የኤርፖርት ሻትል ሾፌር ከመሆኑ በፊት፣ ቀይ ባሕር ላይ መኪና በምታሻግር ፈጣን መርከብ ይሠራ ነበር። የሚገቡትን መኪኖች በእጅ ምልክት እየመራ ቦታ ያሲዛል። መርከቧ እንደሌሎቹ አንድ ወፍራም አካል የላትም፤ ሁለት ቀጫጭን አካሎች ጎን ለጎን ሆነው ከላይ በአንድ ወለል ተያይዘዋል፣ በመሃላቸው ባሕሩ ያልፋል። ገላዋ አሉሚኒየም ነው። ፕሮፔለር እንኳ የላትም፤ ውሃውን ከሥሯ ትስብና ወደ ኋላ በኃይል ትተፋዋለች፣ በዚያ ትወነጨፋለች። አውስትራሊያ ተሠርታ፣ ቀዝቃዛ ባሕር ላይ አገልግላ፣ ሁለት ጊዜ ተሽጣ፣ ስሟም በላይ በላዩ ተቀብቶ ነው ቀይ ባሕር የደረሰችው። ሌላው መርከብ ሌሊቱን ሙሉ የሚሄደውን እሷ ከቁርስ እስከ ምሳ ትጨርሰው ነበር። በኋላ ነዳጅ አጠጣጧ ባለቤቶቿን አማረራቸውና አቆሟት። አባቴም ሥራ ፈታ።

ይህን ሁሉ የማውቀው ለእኔ ስለነገረኝ እንዳይመስላችሁ። የነገረው ለአክስቴ ልጅ ነው። እኔ አሜሪካ የመጣሁት በአራት ዓመቴ ነው፤ አባቴ በአማርኛ ሲጠይቀኝ በእንግሊዝኛ መልሼ ወደ ክፍሌ እገባ ነበር። እሱም ቀስ በቀስ ማውራቱን ተወው። የአክስቴ ልጅ ግን እኛ ቤት ሊኖር ከአዲስ አበባ ሲመጣ እንደኔው አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አባቱ የሞተበት ገና ሕፃን ሳለ ነበር። በመጣ በሳምንቱ ግድግዳው ላይ ያለውን የመርከቧን ፎቶ አየና፣ “ጋሼ፣ ይቺ መርከብ እንዴት ሳትገለበጥ ትሄዳለች?” አለ። በቃ፣ አለቀ። አባቴ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲገባ የሚፈልገው እሱን ሆነ። እኔ ሶፋው ላይ ሄድፎን ሰክቼ፣ ሙዚቃውን አጥፍቼ አዳምጣለሁ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ያኔ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አባቴ “ልጄ!” ብሎ ተጣራ። አቤት ልል ከተቀመጥኩበት ስነሣ የጠራው እሱን ኖሯል። ተመልሼ ተቀመጥኩና ሙዚቃውን ከፈትኩት።

በቤተ ክርስቲያናችን የንግሥ ቀን መኪና የማስቆሙ ሥራ የአባቴ ነበር። ግቢው ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ። እሱም እንደ መርከቧ ወለል አድርጎ ነው የሚያስደረድራቸው፤ በመኪናና በመኪና መሃል ሰው በጎኑ ቢያልፍ ነው፣ ኋላ የገባው ካልወጣ ፊት የገባው አይወጣም። መርከብ ላይ ሁሉም እኩል ደርሶ ይወርዳል። ንግሥ ላይ ግን ታቦቱ ሳይገባ ወደ ሥራ የሚሮጥ አለ፤ የአረጋውያን መንከባከቢያ ተረኛ አለች፣ የኤርፖርት ሾፌር አለ። ለእነሱ በመሃል አንድ መስመር ክፍት ይተዋል። በዚያ ዓመት መስመሩን እንዲጠብቅ የሾመው የአክስቴን ልጅ ነው። የራሱን ሰደርያ አውልቆ አለበሰው። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜ አየሁ።

ረፋድ ላይ አንዲት እናት ከመኪና መውረድ አቃታቸው። የአክስቴ ልጅ ለአንድ አፍታ ጠብቂልኝ ብሎኝ ሊደግፋቸው ሮጠ። ሦስት መኪኖች ተከታትለው መጡ። እኔም ልክ እንደ አባቴ በሁለት እጄ ወደ ራሴ እየጠራሁ ሦስቱንም ክፍቱ መስመር ላይ አስገባኋቸው። ተሳስቼ አይደለም። ከዚያ ሴቶቹ መሃል ገብቼ እልል አልኩ።

ታቦቱ መዞር እንደጀመረ ከነጠላዋ ሥር የሥራ ልብሷን የለበሰች ሴትዮ ቁልፏን ይዛ መጣች። መውጫ የለም። ባለመኪኖቹ ሕዝቡ መሃል ናቸው፤ ታቦት ቆሞ ደግሞ የታርጋ ቁጥር በማይክሮፎን አይጠራ ነገር! ሴትዮዋ ዛሬ ካረፈድኩ አለቀልኝ እያለች አለቀሰች። በመጨረሻ ውጭ መንገድ ላይ ያቆመ ሰው ተገኝቶ አደረሳት። አባቴ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ሰው ሁሉ እየሰማ የአክስቴን ልጅ፣ “መርከብ ላይ ብትሆን ሰው ታሰጥም ነበር” አለውና ሰደርያውን ተቀበለው።

የአክስቴ ልጅ ወደ እኔ አየት አደረገ። ከዚያ አቀረቀረና፣ “አጠፋሁ፣ ጋሼ” አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። በዓመቱ በተሰባበረ አማርኛዬ እኔ ልርዳህ ስለው አባቴ ዓይኑ በራ። ምልክቱን አስተማረኝ፣ ባሕሩን አወራኝ። ዛሬ የምታነቡት አማርኛ የተገኘው እዚያ አስፋልት ላይ ነው። ስድስት ንግሥ አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ አንዱንም መልሺ ብባል አልመልስም። የአክስቴ ልጅ ግን ስለ መርከቧ ዳግመኛ አልጠየቀም። ሃይስኩል እንደጨረሰ ክፍል ተከራይቶ ወጣ።

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ያ ባለሰደርያ ሰውዬ ባስቆመኝ ሳምንት እሑድ፣ ቶርንተን ከተማ የአክስቴ ልጅ ቤት ሄጄ፣ ልጆቹ ጓሮ ሲጫወቱ፣ ያደረግኩትን ሁሉ አፍረጥርጬ ነገርኩት። አልደነገጠም። እጄን ሳወዛውዝ ከሩቅ አይቶኝ ኖሯል። ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት።

“አባትሽ ናቸዋ” አለኝ።

ከዚያ ዓይኑን ከልጆቹ ላይ ሳያነሣ፣ “የዚያን ቀን ከንግሡ ስንመለስ ‘አባዬ ልበልዎት ወይ?’ ብዬ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር” አለ።