ያወቀ ያላወቀውን ይምታ

እህቴ ትሩፋት ገሠሠ ነፋስ ስልክ ተወለደች፣ አሁንም እዚያው ናት። አልጋ ላይ የወደቀችውን እናታችንን አሥራ አንድ ዓመት አስታማ ቀበረች፤ ከዚያ በኋላ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የጽዳት ሥራ ያዘች። የቀኝ እጇ ሌባ ጣት አይታጠፍም። መጥረጊያ ስትይዝ ጣቷ ለብቻው ቀጥ ብሎ ስለሚቀር የማያውቃት ሰው የሆነ ነገር የምታሳየው መስሎት ዞር ይላል። ያን ጣት የሰበርኩት እኔ ወንድሟ አምሐ ነኝ። ዛሬ ይህን ማውራቴ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም እናገራለሁ።

በ1973 ዓ.ም. ሁለታችንም ሰባተኛ ክፍል ነበርን። እሷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እኔ አሥራ ስድስት። እኔ ሁለት ጊዜ ወድቄ ጠበቅኋት፤ እሷ አንድ ክፍል ዘልላ ደረሰችብኝ። እኔ ከኋላ ከረጃጅሞቹ ጋር እቀመጣለሁ፤ እሷ ከፊት ናት፣ እግሯ መሬት አይነካም።

የሒሳብ መምህራችን ከበበው ይባላል። ያኔ አንቱ እንለው ነበር፤ አሁን አንቱታው ከአፌ አይወጣልኝም። ዓርብ ዓርብ ውድድር ነበረን። ተራ በተራ አቁሞ ይጠይቃል። አንዱ ካቃተው ጥያቄው ወደ ቀጣዩ ያልፋል፤ የመለሰው ልጅ ከሱ በፊት ያልመለሱትን ሁሉ ይመታል። ተመቺው ልጅ አምስት ጣቶቹን አንድ ላይ ሰብስቦ ወደ ላይ ያቀርባል፤ የሚመታበት ደግሞ የእንጨት ማስመሪያ ነው፣ በጠርዙ፣ የጣቶቹን ጫፍ። ራርቶ ቀስ ያደረገ ወዮለት። መምህሩ ማስመሪያውን ይቀበለውና እንዴት እንደሚመታ በልጁ በራሱ ጣት ላይ ያሳየዋል። «ያወቀ ያላወቀውን ይምታ፤ አለዚያ ያላወቀው መቼም አያውቅ» ይል ነበር። ወላጆች ይህን ሲሰሙ ይመርቁታል።

ትሩፋት የማትመልሰው ጥያቄ አልነበረም። ስለዚህ ዓርብ በመጣ ቁጥር ትመታኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ቀስ አድርጋ ነካችኝ፤ መምህሩ አሳያት። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ጨፍና ትመታኝ ጀመር። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። እኔም ቤት ስንገባ በአንድ ሁለት እከፍላታለሁ፣ ያውም በቡጢ። ለአባታችን አትናገርም። በሦስተኛው ሳምንት እሷው መላ አመጣች፤ ከእናታችን አልጋ ሥር አስቀምጣ ታስጠናኝ ጀመር። እኔ ካወቅሁ እሷ አትመታኝም፣ እኔም አልመታትም። እንዲህ አስባ ነው። ያስጠናችኝ ወዳኝ ነው ብዬ ራሴን ስሸነግል ኖሬአለሁ፤ ልጅቷ ቡጢ ሰልችቷት ነው።

አስተማሪ ሆና ቢሆን ኖሮ! ሦስት ዓመት ሙሉ ያልገባኝን በሁለት ወር አስገባችው። የሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ካሬ በስንት ይበላለጣል ቢሉህ ማባዛት አያስፈልግህም፣ ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ ደምር አለችኝ። አላመንኳትም። የአሥርንና የዘጠኝን ሞከርን፣ አሥራ ዘጠኝ መጣ። እናታችን ከአልጋዋ ሆና ሳቀች።

በዚያ ዓመት የከፍተኛው፣ ያኔ የቀበሌዎች የበላይ የነበረው አስተዳደር፣ ትምህርት ቤቶች የሒሳብ ውድድር ሊያደርጉ ሆነና ከኛ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ይመረጥ ተባለ። አባታችን ገሠሠ የፋብሪካ ዘበኛ ነው። ቀን የሚተኛ፣ ሌሊት የሚሠራ ሰው በሽተኛ አያስታምምም። አንድ ቀን ሁለታችንንም ጠርቶ፣ «እናታችሁን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ለውድድሩ የሚመረጠው ይማራል፣ ሌላው ቤት ይቀመጣል። እኔ በልጆቼ መካከል አላዳላም» አለ። ትሩፋት ደስ አላት። ማን እንደሚመረጥ ታውቃለቻ።

ምርጫው በሰልፍ ሰዓት በተማሪው ሁሉ ፊት ሆነ። ጠዋት መንገድ ላይ ክንዷን ይዤ አቆምኳት።

«ዛሬ ትምህርት ቤቱ እያየ ከመታሽኝ፣ ቤት ስንገባ አልምርሽም» አልኳት።

«አባባ ያለውን ሰምተሃል እኮ፣ አምሐ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ እኔ ልቅር?»

ክንዷን ለቅቄ ቀደምኳት።

ሌሎቹ አንድ በአንድ ወደቁና እኔና እሷ ቀረን። መምህሩ፣ «የአርባ ስምንት ካሬ ከአርባ ሰባት ካሬ በስንት ይበልጣል?» አለ። ተራው የእሷ ነበር። እሷ እኮ ጥያቄው ሳያልቅ የምትመልስ ልጅ ናት። ወደኔ ዞር ብላ አየችኝ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን።

«ትሩፋት፣ አታውቂውም?»

«አላውቀውም፣ ቲቸር።»

ጥያቄው ወደኔ አለፈ። አርባ ስምንትና አርባ ሰባት ደመርኩ። «ዘጠና አምስት» አልኩ፤ ተጨበጨበልኝ። መምህሩ ማስመሪያውን ሰጠኝ። እሷ ጣቶቿን ሰብስባ አቀረበች፤ ጣቶቿ ትንንሽ ነበሩ። ቀስ ብዬ ብመታት መምህሩ እኔን ይመታኝ ነበር፤ ይህን ምክንያት ለብዙ ሰው ተናግሬአለሁ፣ ውሸት ነው። መምህሩን አልፈራሁም። የዚያን ሁሉ ዓርብ ሳቅ ቂም ልወጣባት ፈልጌ ባለ በሌለ ኃይሌ መታኋት። አላለቀሰችም። ወጌሻው የተሰበረውን ሌባ ጣቷን ሳምንቱን ሙሉ አሸ፤ ጣቱ አልተመለሰም።

የዚያኑ ዕለት ማታ አባታችን፣ «እንግዲህ ተለየ» አለ። ትሩፋት ደብተሮቿን አውጥታ ያልተጻፈባቸውን ገጾች ለኔ ገነጠለችልኝ፣ በግራ እጇ።

ውድድሩ ቅዳሜ በከፍተኛው አዳራሽ ተደረገ። ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር አሰማን፣ ከዚያ ተቀመጥን። የመጀመሪያውን ጥያቄ መለስኩ። ሁለተኛው አቃተኝና ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች ልጅ መለሰችው። እኔም ተነሥቼ ወደሷ ሄድኩ፣ አምስት ጣቶቼን ሰብስቤ አቀረብኩላት። ልጅቷ ጣቶቼን አየች፣ እኔን አየች፣ ግራ ገብቷት ወደ ዳኞቹ ዞረች። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከዳኞቹ አንዱ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ አልሳቁም።

«ምን ፈልገህ ነው፣ ልጄ?»

«እንድትመታኝ ነው።»

«ቁጭ በል። እዚህ ማንም ማንንም አይመታም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የተጠየቅሁት ሁሉ አልተሰማኝም። ቤት ስገባ ትሩፋት የእናታችንን እግር በለብ ያለ ውኃ ታጥባለች፣ የታሰረውን እጇን ከውኃው አርቃ።

«ስንት መለስክ?» አለችኝ።

«አንድ።»

«በጣም መቱህ?»

«አልመቱኝም። እዚያ መማታት የለም።»

«ያልመለሰውን ማንም አይመታውም?»

«ማንም።»

እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ። ጣቷ ሲሰበር ያላለቀሰችው፣ ደብተሯን ስትገነጥል ያላለቀሰችው ልጅ፣ ያኔ አለቀሰች። እናታችን ቀና ለማለት እየሞከረች ምን ሆነች ብላ ጠየቀችኝ። ጣቷን አሟት ነው አልኳት።