ለሰሊጥ የተዘረጉ እጆች

ሞተር እየተቆራረጠ ሲያስል በሰማሁ ቁጥር፣ የባጃጅም ይሁን የውኃ ፓምፕ፣ እስከ ዛሬ ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ።

አባቴ ከመተማ ወደ ሱዳን ተሻግሮ፣ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ በተከራየው መሬት ሰሊጥ ይዘራ ነበር። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ሰሊጡ ታጭዶ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ እንዲደርቅ ተደግፎ ይቆም ነበር፤ ሂላ እንለዋለን። የደረቀ ሂላ ታዲያ አመለኛ ነው፣ ፍየል እንኳ ከነካችው ፍሬው ይረግፍና የዓመት ልፋትን አፈር ይበላዋል። ስለዚህ ላምም ሆነ ግመል ወደ ሂላው ሲጠጋ፣ ቤተሰቡ በሙሉ እጁን ዘርግቶ እየጮኸ ፊት ለፊት ይሮጥበት ነበር። እኛ ልጆቹ ከአፍ መፍቻችን ጋር የተማርነው ይህንኑ ነው።

በዚያ ሰሞን ማብረር የሚማሩበት ትንሽ አውሮፕላን በየጠዋቱ በላያችን ይዞር ነበር፤ እናቴም «ይኸ ሥራ ፈት ደሞ መጣ» እያለች ትስቅበት ነበር። አንድ ቀን ድምፁ ተቆራርጦ ተቆራርጦ ጭልጥ ብሎ ጠፋ። ቀና ስንል፣ አውሮፕላኑ ሜዳ የመሰለውን የታጨደ ማሳችንን መርጦ፣ ዝቅ ዝቅ እያለ ወደ ሂላው ይመጣል።

«ሂላውን!» አለ አባቴ። እሱ ሮጠ፣ እኔና ሁለቱ እህቶቼ ተከተልነው፣ እጃችንን ዘርግተን «ሆይ! ሆይ!» እያልን አውሮፕላኑን እንደ ላም ጮኽንበት። ውስጡ ሰው እንዳለ ያሰበ አልነበረም። ሊደርስብን ሲል ድንገት ወደ ጎን ታጠፈ፣ ያልታረሰው ጥቁር ዋልካ መሬት ላይ ወረደ፣ ጎማው ጎርፍ የቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ገባና ተገለበጠ።

አባቴ ጎትቶ ያወጣው ብቻውን የሚለማመድ፣ ገና ጢም ያላወጣ የሱዳን ልጅ ነበር፤ ቀኝ እግሩ ደቋል። በዓረብኛ «ልጆቹስ? ልጆቹ ደኅና ናቸው?» ሲል ጠየቀ። አባቴ «ደኅና ናቸው» አለና ፊቱን አዞረ። ከሂላው አንዲት ነዶ አልተነካችም።

ጎረቤቱ ሁሉ፣ ሀበሻውም ሱዳኑም፣ «እንኳን ልጆችህን አተረፈልህ!» ሊል ይመጣ ነበር፤ አባቴም አንገቱን ደፍቶ «አሜን» ይላል። ክረምቱ ገብቶ መሬቱ ጭቃ ሲሆን፣ ያን ሰሊጥ ሽጠን የገዛነውን እህል ስንበላ፣ እናቴ አንድ ሁለቴ ጎርሳ እጇን ትሰበስብ ነበር።

በሚቀጥለው አጨዳ አብራሪው ልጅ ሊጠይቀን መጣ፣ በአንድ እግሩ፣ በምርኩዝ። ከረሜላ አደለን፣ ፀጉራችንን ዳበሰን፣ ከዚያ አባቴን «የእግሬ ቁጭት ሲነሣብኝ እነዚህን ልጆችህን አስባለሁ፣ ቀለል ይለኛል» አለው። አባቴ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የልጁን ፊት አየና መልሶ ዘጋው። ልጁ ሲሄድ አባቴን ጓሮ ዞሮ ሲያለቅስ አገኘሁት።

ያኔ አባቴን፣ ለሂላው ብለን እንደሮጥንበት እውነቱን ለመናገር የፈራ ሰው ነው ብዬ ታዝቤው ነበር። ዛሬ እሱ የለም፣ እኔም ወልጃለሁ፣ ያ ልጅም ሸምግሎ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ሱቅ አለው። ባለፍኩ ቁጥር ይጠራኝና ለደንበኞቹ «ያተረፍኳት ልጅ ይህች ናት» እያለ በኩራት ያሳየኛል። እኔም «አላህ ዕድሜ ይስጥህ» እለውና መንገዴን እቀጥላለሁ።