ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ነቀለች የተባለችው

ቀመሪያን የማያውቅ ሰው ስለ ቀመሪያ ጽፎ ሲያነብልኝ ደሜ ይፈላል። እኔ ወጋየሁ እባላለሁ፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ከእሷ ጋር አንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። አንድ ቀን እንኳ አርፍዳ አላየኋትም።

ቀመሪያ የተማሪ ሰርቪስ ነው የምትሠራው። ባሏ ሃሩን ሱቅ አለው፤ እሷ ግን ሱቅ መቀመጥ አልሆነላትም፤ መሪ መጨበጥ ነው የምትወደው። የነዳጅ ሰልፍ ሲያንገሸግሻት የድሮዋን ሚኒባስ ሸጠችና በባትሪ የምትሄድ ገዛች። አሥራ አራት ልጅ ከጀሞ ለቅማ በላፍቶ አድርጋ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ጠዋት ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከግቢ ትወጣለች። ክላክስ እያስጮኸች ሰፈር አትረብሽም፤ ወርዳ በር ላይ ቆማ ነው ልጅ የምትቀበለው።

አምና ጥናት የሚያጠኑ ሰዎች መጡና ግቢያችን ውስጥ ስምንት ቻርጀር ተከሉ። ስማርት ነው አሉን። ነገሩ መጥፎ አይደለም፤ ለምን እዋሻለሁ። አመሻሽ ላይ ሰው ሁሉ ምድጃውን ሲለኩስ መስመሩ ይጨናነቃል፤ ሰው ሲተኛ ደግሞ የውኃውና የነፋሱ ኃይል ተጠቃሚ ያጣል። ይህ ቻርጀር ሲጨናነቅ ይቆማል፣ ሲተርፍ ይሞላል። ከባለመኪናው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪናው በስንት ሰዓት ሞልቶ እንዲጠብቀው ስልኩ ላይ መጻፍ። ሰፈሩ ወዲያው «ብልጡ» ብሎ ስም አወጣለት። ብልህ ሳይል ብልጥ ያለው አውቆ ነው።

ቀመሪያ 12:00 ብላ ጻፈች። በማግስቱ ስትወርድ ባትሪው ግማሽ እንኳ አልሞላም። በሳምንቱም እንደዚያው። ቀን ቀን ልጆቹን አድርሳ ሀይሌ ጋርመንት ያለው የሕዝብ ቻርጀር ጋ ሄዳ እየተሰለፈች ታሟላ ጀመር። ምርር ሲላት ለጥናቱ ሰዎች ደወለች። ስልኩን ያነሳው ባለሙያ ከኮምፒውተሩ ላይ እያነበበ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ብለሽ ስድስት ሰዓት ላይ ትነቅያለሽ አላት። በስድስት ሰዓትማ ምሳ እየበላሁ ነው፣ የምነቅለው በአሥራ ሁለት ነው አለችው። ሰዓትሽን አክብሪ ብሎ ዘጋባት። ሁለቱም የሚናገሩት አማርኛ ነው እኮ! ይኸ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሰኔ ላይ፣ በሚኒስትሪ ፈተና ቀን፣ ሚኒባሷ ባትሪዋ አልቆ ላፍቶ ዳገቱ ላይ ቀጥ አለች። ታክሲው ሁሉ ሞልቶ ያልፋል። የአራተኛ ፎቅ ጎረቤታችን የኤሌኒ ልጅ ሊሊ ቦርሳዋን አንግታ በእግሯ ሮጠች፤ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። የመጀመሪያው ፈተና አመለጣት። ከዚያን ቀን ወዲህ ኤሌኒ ቀመሪያን ደረጃ ላይ ስታገኛት ፊቷን ታዞራለች። አልፈርድባትም፤ የልጅ ነገር ነው።

በወሩ የጥናቱ ኃላፊ ኢንጂነር ሚሳኤል ሪፖርቱን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቀው። «ተሳታፊ ቁጥር ሰባት፣ ሰዓት አታከብርም፤ በሁለት ወር ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ቻርጀሩን ያለ ሰዓቱ ነቅላለች» ይላል። ተሳታፊ ሰባት ማን እንደሆነች ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። የቀሩት ሰባቱ መኪናቸውን የሚያወጡት ለሰንበት ነው፤ ቢሞላ ባይሞላ ምን ገዷቸው። ኤሌኒም አነበበችው። ይህቺ ሴት ያላት ሀብት ልጅ በአደራ የሚያሰጣት ስሟ ብቻ ነበር፤ እሱንም በአንድ መስመር ገደል ከተቱት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸ ነው።

ከዚያ ቻርጀሩ ተወስዶባት ለሌላ ይሰጥ ተባለና ስብሰባ ተጠራ። ከምሳ በኋላ በአዳራሻችን ተሰበሰብን፤ እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ኢንጂነሩ ሪፖርቱን እያብራራ፣ ሁልጊዜ ከተመዘገበው ሰዓት ልክ ስድስት ሰዓት ቀድማ ነው የምትነቅለው ሲል ቀመሪያ ብድግ አለች።

«ኢንጂነር፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አለችው።

እጁ ላይ አየና «ስምንት ሰዓት ከሩብ» አላት።

«ማሽንዎስ ስንት ይላል?»

ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለ። 14:15 ይላል። ለካ ያ ብልጥ የጠዋቱን አሥራ ሁለት እኩለ ቀን አድርጎት፣ ገና እስከ ምሳ ጊዜ አለኝ ብሎ ተዝናንቶ ኖሯል። እሷ ጎሕ ሲቀድ ስትነቅለው፣ ስድስት ሰዓት ቀደመች ብሎ ይከሳታል።

ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ትንሽ የቴክኒክ አለመግባባት ነች አለ። ትንሽ! የዚህ አገር ሰው ፀሐይ ስትወጣ ነው ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው፤ እሱም ያደገው እዚሁ ነው። አርባ አንድ ጊዜ ሲመዘግብ አንዲት ቀን ወርዶ፣ እህቴ ለምን ነቀልሽው ቢላት ምን ነበረበት?

«ጥፋቱ የእኔ ሲመስላችሁ ሰዓት አታከብርም ተባልኩ። የእናንተ ሲሆን ትንሽ ሆነ?» አለች ቀመሪያ። ይቅርታ ሊጠይቃት ሲጀምር በእጇ አስቆመችው። «እኔን ይተዉኝ። አራተኛ ፎቅ ይውጡና ለሊሊ ይንገሯት፤ እናቷም ትስማ።»

ዛሬ ሌላ ስብሰባ አለብኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ አለ። ድምፅ ሳንሰጥ ተበተንን።

አሁን ስልኩ ላይ ጠዋትና ማታ የሚል ተጨምሮበታል፤ መኪናዋም ሞልታ ታድራለች። ሪፖርቱም ታረመ አሉ፤ «በአካባቢው የሰዓት አቆጣጠር ምክንያት የተፈጠረ ችግር» ብለውታል። ይኸው፣ አሁንም ችግሩ እኛው ነን! ሳምንቱ አልፎ ወር ሲሞላ እኔው ኤሌኒ በር ላይ ቆሜ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ። «ጋሼ ወጋየሁ፣ እርስዎ ጎረቤቷ ነዎት። የጻፈው ሰውዬ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

አልመጣም።