የሰሊጥ ዘይት የጠጣው ቦርሳ

ያን ዓርብ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ላይ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ይጎትታል። ሰሊጥ አበጥራ የምታድረው ሰውዳ ለልጇ ለሳብሪን የሰፋችውን የቆዳ ቦርሳ ታቅፋ ወደ ጎረቤቷ ወደ ባሕሪያ ግቢ ገባች። እዚያ የትምህርት ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነውና ሳብሪን እሑድ ትምህርት ቤት ትጀምራለች።

እዚያ ግቢ ዓርብ ዓርብ ቆዳ መስፋት የሚወዱ ሴቶች ይሰበሰባሉ። ሦስት ጉድለት ሳይወጣለት የሚመሰገን ሥራ የለም።

«ማንገቻው አጠረ» አለች ከሰፊዎቹ አንዷ፣ በለጠች። «ስፌቱም እንደ ሰካራም ይወላገዳል።»

ባሕሪያ ቦርሳውን ስትዳስስ እጇ በዘይት ራሰ። «ወላሂ ሰውዳ፣ ሰፋሽው ወይስ ጠበስሽው?»

ሰውዳ ቆዳው እንዲለሰልስ ብላ አንድ ኩባያ የሰሊጥ ዘይት አጠጥታው ነበር። «የልጄን ደብተር ሊያበላሽ ነው!» ብላ ልታለቅስ ደረሰች።

«አይዞሽ እህቴ፣ የማሽላ ዱቄት ይመጥጥልሻል» አለቻት ባሕሪያ።

ሦስቱ እየተሳሳቁ ዱቄት እየነሰነሱ አሹት። ቦርሳው ደረቀ፤ እነሱ ግን ወፍጮ ቤት የዋሉ መሰሉ። ሳብሪን እሑድ ጠዋት አንግታው ሄደች።

ሰውዳ ዛሬም ገዳሪፍ ናት። ዓርብ ዓርብ ባሕሪያ ግቢ ተቀምጣ በሰው ስፌት ላይ ጉድለት ታወጣለች።