የባቡር ፍሬንና የሚስቴ ዝውውር

ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም። ደብረ ታቦር ላይ ቆሞ ባቡር የሚጠብቅ ሰው ቢገኝ ጸበል ይወሰድ ነው የሚባለው። እኔ ግን ከቢሮ ስወጣ በኮምፒውተሬ ላይ በጨዋታ ባቡር እነዳ ነበር፤ ስለ ፍሬኑ ደግሞ፣ እናቴ ትሙት፣ ከማንም ጋር ለመከራከር ዝግጁ ነበርኩ።

መንዳቱ ቀላል ነው፤ ፍዳው ማቆሙ ነው። የባቡር ፍሬን በአየር ነው የሚሠራ። ስትይዘው እስከ መጨረሻው ፉርጎ እስኪደርስ ይዘገያል፤ ቶሎ ቶሎ ከያዝክና ከለቀቅክ ደግሞ አየሩ ያልቅብሃል። ይህን የመሰለ ነገር በኪቦርድ አንድ ፊደል እየጠቀጠቁ መሥራት ነውር መሰለኝ። ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ጆይስቲክ የሚሉትን የጨዋታ መንጃ ዘንግ ገዛሁ። እሱም ጉድ አደረገኝ፤ ውስጡ ሞላ ስላለው እጄን ባነሣሁ ቁጥር ወደ መሀል ይመለሳል። ፍሬን ደግሞ ካስቀመጡት ቦታ መቆየት አለበት።

በመጨረሻ ጆይስቲኩን ፈታሁና የአሮጌ ሬድዮ ድምፅ መጨመሪያ ገጠምኩበት፤ የተዉት ቦታ የሚቆይ ነገር እሱ ነው። ላዩ ላይ የወይራ እጀታ አስጠረብኩለት። ይህ ሁሉ ከመስቀል እስከ ገና ወሰደብኝ።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ እብናት ተመደበች። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ኃላፊ ሆና ነው የተመደበች፤ ደስ ብሏታል። «አንተም ዝውውር ጠይቅና አብረን እንሂድ» አለችኝ። ፎርሙን ራሷ አምጥታ፣ ከፊርማዬ በቀር ሁሉን ሞልታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። «እሺ፣ ይቺን ፍሬን ላስተካክልና» አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ሦስት ሳምንት ሙሉ እሺ አልኩ።

አንድ ቀን ፎርሙን ስትፈልግ አገኘችው። እጀታው እየተወላገደ ስላስቸገረኝ አራት ቦታ አጥፌ ከሥሩ ወትፌው ነበር።

አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ የእሑድ ከሰዓቱን ሚኒባስ ይዤ እሄዳለሁ። ትመጣ እንደሆነ፣ አትመጣም እንደሆነ፣ በሽማግሌ ፊት ቁርጡን ንገረኝ» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፤ የነፍስ አባታችንና ጎረቤታችን፣ ከእብናት እህል ሲጭኑ ኖረው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር። የሚስቴ ሻንጣ በሩ ሥር ተቀምጧል። አባታችን ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ «በል ልጄ፣ ትዳር ሊያስፈታ ነው የተባለውን ነገር መጀመሪያ አሳየን» አሉኝ። ፍርድ ያለ ማስረጃ አይሆንም፤ ኮምፒውተሩን ከፍቼ መንዳት ጀመርኩ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ብለው ሳቁ ሾፌሩ። ወዲያው ግን ወንበር ሳቡ። «ቆይ፣ ይኼ የአየር ፍሬን ነው እንዴ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አስቀድመህ አትይዘውም? እንዲህ አርገህ ቁልቁለት ብትወርድ እኮ ጨርሰኸናል!»

እጀታውን ነጠቁኝ። ባቡሩ ሊቆምበት የሚገባውን ጣቢያ አልፈው ሄዱ። ሁለተኛም አለፉ። «እጀታው አጭር ነው» አሉ። አባታችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እስቲ ወዲህ በሉ» ብለው ተቀመጡና፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ በትንሽ በትንሹ ያዙት። እውነቱን ለመናገር ከሦስታችንም የሳቸው እጅ የተባረከ ነበር። ሾፌሩ ቀንተው «ልቀቁት እንጂ አባቴ፣ አየር ይሙላ!» ይላሉ፤ እኔ «ኧረ እንዳይለቁት!» እላለሁ። ትዳሩን ያነሣ ሰው አልነበረም።

ባለቤቴ አንድ ጊዜ «አባቴ፣ መኪናው ያመልጠኛል» አለች።

«ትንሽ ታገሺ ልጄ፣ ደረስን» አሏት።

ታገሠች። ከዚያ ተነሥታ ሻንጣዋን አንጠለጠለችና መስቀል ለመሳለም ጎንበስ አለች። አባታችን በቀኝ እጃቸው ፍሬኑን እንደያዙ፣ በግራ እጃቸው መስቀሉን አውጥተው ግንባሯን ዳሰሱ። በግራ እጅ ሲያሳልሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ፤ ዓይናቸው ከስክሪኑ አልተነቀለም።

ባቡሩ ቆመ። ልክ ጣቢያው ላይ፣ አንድ ክንድ እንኳ ሳያልፍ። ሾፌሩ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፤ እኔ አጨበጨብኩ። አባታችን ላባቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ ወደ ጉዳያችን» ብለው ዞሩ። «ልጅቱስ?»

«ወይ ጉድ! መቼ ወጣች?» አሉ ሾፌሩ። «አንተ፣ አላየሃትም?»

አይቻታለሁ። ስትሳለም አይቻታለሁ፤ በሩን ስትከፍትም ቀና ብዬ አይቻታለሁ፤ እሷም አይታኛለች። «ጠብቂኝ፣ መጣሁ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለሰው ስናገረው እስካሁን አፍራለሁ፤ ግን ባቡሩ ጣቢያው ሊደርስ ሦስት መቶ ሜትር ነበር የቀረው።