የእህቴ የብስባሽ ጉድጓድ

እኔ ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የቤታችንን ደብዳቤ እንኳ የምትጽፈው ታላቅ እህቴ ነበረች። እናታችን ስትታመም እኔ ከስድስተኛ ክፍል ቀረሁ፤ እሷ ጅማ ሄዳ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች።

በደርግ ጊዜ ነው። በጅማ መንገድ ላይ ባለችው አሰንዳቦ የገበሬ ማኅበሩ የሰጠንን መሬት እኩል ተካፍለን በርበሬ ተከልን። ችግኙ አንድ፣ ቀኑም አንድ ነበር። እህቴ ግን አስቀድማ የበሰበሰ የቡና ገለባ፣ ፍግና አመድ ከአፈሯ ጋር ደባልቃለች። አንቺም ጨምሪበት ስትለኝ፣ ደግሞ ልታስተምረኝ ነው ብዬ እንዲሁ ተከልኩ።

አበባ ሲይዝ የእኔ መደብ በርበሬ መጠውለግ ጀመረ። መጀመሪያ ቀትር ላይ አንገቱን ደፍቶ ጠዋት ይቃና ነበር፤ በኋላ ጠዋትም አልተቃናም። ግንዱን ስሰነጥቀው ውስጡ ቡናማ ሆኗል። ከእሷም ጥቂቱ ጠውልጓል፤ ሌላው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ገበሬውን የሚያስተምረው የግብርና ሠራተኛ መጥቶ የሰፈሩን ሴቶች በእሷ መደብ ዙሪያ ሰብስቦ፣ በሽታው አፈር ውስጥ እንደሚኖር፣ ብስባሽ በጠገበ አፈር ግን ጉልበቱ እንደሚደክም አስረዳ። አንዷ ጎረቤታችን ወደ እኔ መደብ ዞራ፣ ይህችኛዋስ ለበሽታው ነው እንዴ የተከለችው ብላ በኦሮምኛ ቀለደች። ሁሉም ሳቁ። እህቴም ሳቀች።

በማግሥቱ እህቴ ገበያ ስትሄድ ከመደቤ የጠወለጉትን ነቅዬ፣ ለመጪው ዓመት ብስባሽ የምታዘጋጅበት ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩና ገለባ አለበስኳቸው። በሽታው በእሷም መሬት ይስፋ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ጉድጓዱን ባገላበጠች ቁጥር ሰበብ ፈልጌ እርቅ ነበር። ዝናቡ ሊገባ ሲል ብስባሹ ደረሰ። የመጀመሪያውን ቅርጫት ሞልታ ወደ መሬቷ ትሄዳለች ስል ወደ እኔ መደብ አመራች። ካንቺ እንጀምር፣ ያንቺ አፈር ይብሳል አለችኝ።

"እቴቴ፣ ተዪው" አልኳት። "የታመመውን በርበሬ እዚያ ውስጥ ጨምሬዋለሁ።"

ቅርጫቱን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠች። ያ እርጋታዋ እንኳ አስቀናኝ።

"ከገበያ ስመለስ አይቼ፣ አንድ ሳላስቀር አውጥቼ አቃጥዬዋለሁ። መቼ ትነግሪኛለሽ እያልኩ ስጠብቅሽ ነበር" አለችኝ። ከዚያም ጎንበስ ብላ፣ "እኔም ስቄብሻለሁ። በይ፣ ቅርጫቱን በዚያ በኩል ያዢልኝ" አለችኝ።