ምክንያት የሚለው ባዶ መስመር

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ባሌን ላሰርዝ ከሚሴ ከተማ ያለው ቀበሌያችን ሄድኩ። አትሳቁ...

ባሌ ሳዑዲ ልግባ ብሎ በአፋር በረሃ በኩል ከወጣ ሰባት ዓመቱ ነው። ጅቡቲ ደርሻለሁ ብሎ ደወለ። ከዚያ በኋላ ድምፁን የሰማ የለም።

አሁን በእጄ ሁለት ወረቀት አለ። አባቴ «ልጄ ዕድሜዋ በከንቱ አለቀ» ብሎ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ያስወሰነው «ኒካሁ ፈርሷል» ይላል። የባሌ ታላቅ ወንድም መደበኛው ፍርድ ቤት አመልክቶ ያወጣው ደግሞ «ጠፍቷል» ይላል። ቀበሌው ጋ ያለው ፋይል ሁለቱንም አያውቅም፤ እዚያ እኔ ባለትዳር ነኝ፣ አባወራውም እሱ ነው። በአንድ ባጃጅ የሚደረስባቸው ሦስት ቢሮዎች እኮ ናቸው!

ችግሩ፣ ለማንኛውም ነገር «አባወራው ይምጣና ይፈርም» ይሉኛል። ውሃ ላስገባ ስል እንደዚያ ብለው መለሱኝ። አሁን ደግሞ የልብስ ስፌት ፈቃድ ላወጣ ነው። መረረኝ። እማወራ ተብዬ መመዝገብ አለብኝ።

ፋይል የሚይዙት ሽማግሌ ናቸው። «አካም ቡልቴ ልጄ?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርኩ ጠየቁኝ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው አልሐምዱሊላህ» ብዬ ወረቀቶቹን ዘረገፍኩላቸው።

«የቃዲው ውሳኔ እኛ ጋ እንዲሠራ ባልሽም እዚያ ለመዳኘት መስማማት ነበረበት። አልቀረበም።»

«እንዴት ይቅረብ? ሌላው ፍርድ ቤት ጠፍቷል ብሎ ማኅተም መትቶበታል!»

«የጠፋ ሰው ደግሞ ሊመለስ ይችላል።»

«አባቴ፣ ሁላችሁም መንግሥት ናችሁ። እርስ በርስ አትነጋገሩም እንዴ?»

ሳቁና ወረቀቶቹን ይዘው ኃላፊዋ ጋ ገቡ። ቆይተው ወጡ።

«አብሽሪ። ሰባት ዓመት ቀልድ አይደለም፣ እንሰርዘዋለን።»

ፋይሉን ገለጡት። ቅጹን የሞላው ባሌ ራሱ ነው፤ የእጅ ጽሑፉን ካየሁ ስንት ጊዜዬ። የኔን ስም ከራሱ ስም አሳምሮ ጽፎታል። የልጆች ስም የሚጻፍበትን ቦታ «በኋላ እንሞላዋለን» ብሎኝ ባዶውን ትቶታል። እስካሁን ባዶ ነው።

ሽማግሌው ስሙ ላይ ማስመሪያ አስቀመጡና ቀይ እስክሪብቶ አነሱ።

«ምክንያት የሚል መስመር አለ፤ አንድ ብቻ ነው የሚጻፍበት። ምን ልበል? ተፋቱ? ጠፋ? ወይስ... ሞተ?»

ፍቺውን ያስወሰነው አባቴ ነው፣ ጠፋ ያሰኘው ወንድሙ ነው። ይሄኛው ቃል ግን ከኔ አፍ ሊወጣ ነው።

«ይተዉት፣ አባቴ።»

«ፈቃዱስ፣ ልጄ?»

«ይቅርብኝ።»

ማስመሪያውን አነሱ። ፋይሉን ወደ መደርደሪያው መለሱት።

ቤት ገብቼ ለአንድ ሰው የሚሆን ምሳ አቀረብኩ። አባቴ ጋ የባሌ ስም አይነሳም፣ ወንድሙም ጋ አይነሳም። እኔም ጮክ ብዬ ከጠራሁት ቆየሁ፤ ማን ሊሰማኝ? ለካ «ይምጣና ይፈርም» እያለ እስከ ዛሬ የሚጠራው ቀበሌው ብቻ ኖሯል።

ሦስቱ ቢሮዎች የተስማሙ ቀን ብቻዬን እቀራለሁ። እስከዚያው ግን ሁለት ሆነን እየጠበቅነው ነው... እኔና ቀበሌው።